ውሃ የለመደች ታንኳ

ቫርኒሽ ሲሸተኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። ሰው ቤት አዲስ ቁም ሣጥን የገባ፣ ልጅ የተዳረ ይመስለኛል። ካለፈው ጥር ወዲህ ግን ያ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ንዴቴ አብሮ ይነሣል። ልጄ ቶሎሳ እጄን ይዞ ባጃጅ ውስጥ አስገባኝና፣ «እማዬ፣ ዛሬ የአባዬ ታንኳ በክብር ተቀምጣ ታያታለሽ» ብሎ ነቀምቴ መሀል ወዳለ አንድ አዳራሽ ወሰደኝ። ገና በሩን ሳላልፍ ሽታው ተቀበለኝ። የባሌ የፈይሳ ታንኳ፣ ዕድሜዋን ሙሉ ዴዴሳ ወንዝ ውስጥ የኖረችው፣ ሁለት የብረት እግር ላይ ተጋድማ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቫርኒሽ ተቀብታ ታብለጨልጫለች። ከላይዋ የቆርቆሮ ጣራ፣ ከጎኗ የከሰዓት ፀሐይ የሚገባበት ትልቅ መስኮት። ዙሪያዋን ቀይ ገመድ ተወጥሮ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተንጠልጥሎበታል። የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እኔን ያየኛል፤ እንዳለቅስ እየጠበቁ መሆናቸው ያስታውቃል። እኔ ያልኩት «ውሃዋስ?» ብቻ ነው። ሳቁ። ቶሎሳም አብሯቸው ሳቀ። ቀልድ መሰላቸው።

ወንዝ ዳር ያልኖረ ሰው ቀልድ ቢመስለው አልፈርድበትም። የወንዝ ዳር ልጅ ሆኖ የሚስቀው ነው የሚያናድደኝ። በእኛ አገር ያቺን ታንኳ ቢዲሩ ይሏታል። ከአንድ ወፍራም የዋንዛ ግንድ ተፈልፍላ የምትወጣ፣ ሚስማር የሚባል ነገር ያልነካት፣ ስድስት ሰባት ሰው ከነሸክሙ የምትይዝ ናት። እንጨቷ ውሃ ጠጥቶ ካልጠገበ ይሰነጠቃል። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሥራ ላይ ናት፤ ችግር የለባትም። በጋ ወንዙ ጎድሎ ሰው ልብሱን ሰብስቦ በእግሩ ሲሻገር ግን ሥራ ትፈታለች፤ ያኔ ዳር ላይ ከተዉዋት ፀሐይ ትጨርሳታለች። ስለዚህ የዴዴሳ አሻጋሪዎች በጋ ሲገባ ጥልቅ ያለና የዛፍ ጥላ ያረፈበት ቦታ ይፈልጉና ሆዷን ድንጋይ ሞልተው ያሰጥሟታል። ዝናቡ ሲጀምር ጠልቀው ድንጋዩን እያነሡ ያወጧታል። ታንኳ የሚቀመጠው እንዲህ ነው። እንግዳ ሰው ሲሰማው አሻጋሪ የገዛ ታንኳውን አሰጠመ ብሎ ይደነግጣል።

እኔም መጀመሪያ ሳይ ደንግጫለሁ። ከወሎ የመጣን ሰሞን ነው። ድርቁ ያባረረን፣ በጭነት መኪና ተጭነን ዴዴሳ ቆላ ውስጥ የወረድን ሰዎች፣ ወንዝ ስንል ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጥን የምንሻገረውን ነበር የምናውቀው። ዴዴሳን ሳየው እናቴን «ይኸ ሁሉ ውሃ እዚህ ተኝቶ ነው እኛ እንዲያ የሆንነው?» ያልኳት አይረሳኝም። ያን ጊዜ የለበስኩት ከእርዳታ ዱቄት ጆንያ የተሰፋ ቀሚስ ነው፤ የፈረንጅ ፊደሉ ጀርባዬ ላይ ነበር፣ ብናጥበው ብናጥበው አልለቅም አለ። በኋላ በርበሬ ዘርተን ስንሸጥ አረንጓዴ የላስቲክ ጫማና አበባ ያለበት የናይለን ሻሽ ገዛሁና ሰው መሰልኩ። ገበያው ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነበር። የመኪናው ድልድይ ግማሽ ቀን ያስኬዳል፣ ስለዚህ ያለው አንድ መንገድ ቢዲሩ ነው። ለሰው ዐሥር ሳንቲም፣ ፍየል ለያዘ ሃያ አምስት፣ ዶሮ በነፃ። ሳንቲም ያጣ አንድ እፍኝ በቆሎ ታንኳዋ ጫፍ ላይ ወዳለው ቅል ይጨምራል። ዛሬ በዐሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር ንገሩኝ። ሳንቲሙ ራሱ የት እንደገባ እንጃ።

ፈይሳ ያኔ ጠጉሩን አጎፍሮ፣ ሚዶ ሰክቶበት፣ ካኪ ቁምጣ ለብሶ ታንኳዋ ጅራት ላይ ይቆማል። ረጅም ዘንጉን ይዞ ወንዙን ሲገፋው ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀስ። እኔ በርበሬዬን ተሸክሜ እግሬን ባስገባ ታንኳዋ ተንገዋለለች፣ ጮህኩ። «ተቀመጥ!» አለኝ። የአማርኛውን አንተና አንቺ እስኪሞት ድረስ ሲያምታታ ኖሯል። «እኔ ሴት ነኝ» አልኩት። «ወንዙ አያውቅም፣ ተቀመጥ!» አለ። ተቀመጥኩ። ታንኳዋ ላይ መቆም፣ መነታረክና የጉማሬን ስም መጥራት ክልክል ነበር። የተጣላ ሰው ካለ አንዱ ይወርድና በሚቀጥለው ዙር ይሻገራል። የእኛ የወሎ ሴቶች ተነታርከው ዝም ማለት ስለማይሆንላቸው ስንቱን የቅዳሜ ገበያ ዳር ላይ ቀርተው ከሰዓት ደርሰዋል! ኋላ ኋላ ግን ለመዱት፤ ከቤታቸው ሲወጡ ጨርሰው ይጣሉና ወንዙ ጋ ሲደርሱ ዝም ይላሉ።

ደግሞ ድምፁ። ከማዶ ሰው ሲመጣ እጁን አፉ ላይ አድርጎ «ያ ፈይሳ፣ ኑ ጬሲሲ!» ብሎ ይጣራል፤ አሻግረን ማለት ነው። እሱ እንደ ሌሎቹ አሻጋሪዎች «መጣሁ» ብሎ አይመልስም። በዜማ ነው የሚመልሰው። የሚጠራውን ሰው በድምፁ ለይቶ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ አማቱ፣ ስለ ቀደም ዕለቱ ስካሩ ግጥም እየገጠመለት ነው ወንዙን የሚያቋርጠው። ሰውየው ተሳፍሮ እስኪወርድ ድረስ ይስቃል። ሙሽራ ሲሻገር ታንኳዋን በቄጠማ ይሸልማታል፣ አስከሬን ሲሻገር ዘንጉን እንኳ ድምፅ ሳያሰማ ነው ውሃ ውስጥ የሚያስገባው። እኔንም አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ የወንዙ ወገብ ላይ አቆመኝና «ታንጉት፣ አባትህ ሽማግሌ ብልክ ይቆጣል?» አለኝ። የት ልሂድ? ዙሪያዬ ውሃ ነው። እሽ አልኩ። ዘመዶቼ እስከዛሬ ተገዳ ነው የተጠየቀችው ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ የኖርኩት ከእሱም ከታንኳዋም ጋር ነው ማለት ይቀለኛል። እኔ ቆላ ንዳድ ይዞኝ ስንቀጠቀጥ ፈይሳ የሚያስበው ድንጋዩ በቅቷት እንደሆነ ነው። ነቀምቴ የምንወጣው በዓመት ሁለቴ ብቻ ነበር፤ ገና ዲጋ ሳንደርስ «ዛሬ እንመለስ» ማለት ይጀምራል። እኔ ደግሞ ነቀምቴን እወዳት ነበር። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ጥግ ላይ አንድ የካሴት ቤት ነበረ፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ኦሮምኛውን ካማርኛው እየቀላቀለ ሲያስጮኸው እግሬ አልሄድ ይላል። ቀጥሎ ያለው ሻይ ቤት ቦምቦሊኖና ሻይ በስሙኒ ነበር። ለፈይሳ ቴትረን ሱሪ ያስለካሁበት ልብስ ሰፊ ከዚያ ትይዩ ይቀመጣል። ሱሪውን ለበሰው? አልለበሰውም። ወንዝ ላይ ቴትረን ምን ያደርግልኛል ብሎ ቶሎሳ አድጎ እስኪደርስበት ድረስ ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ። ዛሬ ያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ሆኗል፤ ድምፅ ማጉያው አሁንም በር ላይ ነው፣ የሚያስጮኸውን ግን የሚሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ቶሎሳ ለትምህርት ነቀምቴ ሲገባ ገና ትንሽ ነበር፤ በክረምት እንኳ አትምጣ፣ እኛ ጋ ወባ አለ እያልን አክስቱ ዘንድ አቆየነው። በመሀል የገመድ ድልድይ ተሠራ። መንግሥት ያውቃል፣ ጥሩ ሥራ ነው፣ እርጉዝ ሴት በሌሊት ተሸክሞ መሻገር ምን እንደነበር እኔ አውቃለሁና አልቃወምም። ግን ከዚያ ወዲያ ማንም አልተጣራም። አሻጋሪዎቹ አንዱ ታንኳውን ለከብት መጠጫ ገንዳ አደረጋት፣ ሌላው ፈልጦ አነደዳት። ፈይሳ ብቻ በጋ ሲመጣ ያሰጥማታል፣ ክረምት ሲመጣ ያወጣታል። ማንም ሳይሻገርባት! «ሥራ የሌለው ሰው» ብዬ ስንቱን ተናድጄበታለሁ። ሲሞትም ልጆቼን አደራ፣ ቤቴን አደራ ያለኝ እንዳይመስላችሁ። «ሂንጎግሲን» አለኝ፤ አታድርቂያት ማለት ነው። ሌላ ነገር ይጨምር ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልጨመረም።

ነቀምቴ ባኬ ጃማ ሰፈር ቶሎሳ ቤት ከገባሁ በኋላም ታዲያ በጋ ሲገባና ክረምት ሲገባ ሚኒባስ እየተሳፈርኩ እወርዳለሁ። የሰፈሩን ጎረምሶች ሰብስቤ አሰጥማታለሁ፣ አስወጣታለሁ። ምራቴ በየቦታው «አማቴ ድንጋይ ልታስገባ ሄዳለች» እያለች ትስቃለች። አምና ግን የባህል ጉዳይ የሚከታተል ሌሊሳ የሚባል ወጣት ቤታችን መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ በሁለት እጁ ነው የጨበጠኝ። «አከም ጅርቱ፣ አዴ ታንጉት» ብሎ በአክብሮት ሰላም አለኝና ተቀምጦ፣ የወለጋ የታንኳ ታሪክ ሊጠፋ ነው፣ በዴዴሳ የቀረችው አንዲት ቢዲሩ የእናንተ ናት፣ ለትውልድ እንጠብቃት አለኝ። የት? ስለው፣ አዳራሽ ውስጥ። አይሆንም አልኩ። ቶሎሳ ገብቶበት «እማዬ፣ እስከ መቼ ድንጋይ ስትሸከሚ ትኖሪያለሽ? አንቺ ብትሞቺስ ማን ያሰጥማታል? እነሱ ባለሙያ አላቸው» አለ። እዚህ ላይ ነው የያዘኝ። እውነት ማን ያሰጥማታል? ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሽ ነው ብለው አንድ አይሱዙ መኪና ላይ ጭነው አመጧት።

ከምርቃቱ ማግሥት ጀምሮ ሥራዬ አንድ ሆነ። ጄሪካን ውሃ ባጃጅ ላይ ጭኜ አዳራሹ እሄዳለሁ። የባጃጁ ልጅ መጀመሪያ ቀን «እናቴ፣ ውሃ ጠፍቶባቸው ነው?» ሲለኝ «አዎ፣ አንዷ በጣም ጠምቷታል» አልኩት። ጥበቃው ኦቦ ዲንሳ ገመዱን አልፌ ስገባ እየሮጠ መጥቶ «ማሎ አዴ፣ ሂንቱቂና!» አለ፤ እባክዎ አይንኩ ነው። «እኔ የታጨሁባት ታንኳ ነች፣ ምን አይነካም ትለኛለህ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው የልጅ ልጅ ያለው የኔው እኩያ ነው፤ አፍሮ ዞር አለልኝ። በኋላማ ስመጣ እያየ «እስቲ ሻይ ጠጥቼ ልምጣ» ይልና ይወጣል። ቫርኒሹ ውሃውን አላስገባ ይለኛል፣ እያሻሸሁ ባልተቀባው በሆዷ በኩል አፈስስላታለሁ። ስመለስ ጫማዬ እርጥብ ነው፣ ምራቴ ትሳደባለች፣ ቶሎሳ «እማዬ ሰው ምን ይለናል» ይላል። ሰው! ሰው ምን ይላል ከተባለማ አባትህ የተናገረውን ማን ሰማ?

ጾሙ ሳይጋመስ ስንጥቁን አየሁት። ከአፍንጫዋ ጀምሮ ወደ ሆዷ ይወርዳል፣ ጥፍሬ ይገባበታል። ሌሊሳን አስጠራሁና እዚያው ቆሜ የአፌን ሁሉ ነገርኩት። አምኛችሁ ነበር፣ ባለሙያ አለን ብላችሁ ነበር፣ ጋሻና ከበሮ መስላችኋለች ወይ፣ አልኩት።  ስጨርስ ልጁ ጎንበስ ብሎ ወለሉ ላይ ያለውን እርጥበት በጣቱ ነካና «አዴ፣ ማነው ውሃ የሚያፈስባት?» አለ። «እኔ ነኛ!» አልኩ በኩራት። «በውጭ በኩል ቫርኒሽ አለ፣ ፀሐይ አለ። በውስጥ እርስዎ ያርሷታል፣ ማታ ትደርቃለች፣ ጠዋት ያርሷታል። አንዱ ጎን ሲያብጥ አንዱ ጎን ሲኮማተር ነው የተሰነጠቀችው። ብቻዋን ብንተዋት ቀስ ብላ ነበር የምትደርቀው» አለኝ። «ብትደርቅም ትሰነጠቅ ነበር» አልኩት። «ትሰነጠቅ ነበር» አለ። እኔና እሱ ተያየን። ለካ ሁለታችንም በየፊናችን ስናድናት ገድለናታል። ከንዴቴ ብዛት ሳቅ መጣብኝ፤ ኦቦ ዲንሳ ከበሩ ላይ ቆሞ ምን ሆኑ ብሎ ያየናል።

የሌሊሳ አለቆች አናጢ ተጠርቶ በስቱኮ ትደፈንና ከላይ ትቀባ አሉ። ሌሊሳ እዚህ ላይ ወንድ ወጣው፤ ወንዝ ውስጥ ካልገባች ሁለት ቦታ ትሆናለች፣ ስቱኮውም ይወድቃል ብሎ ተከራከረ። አንደኛው ሰውዬ ያለውን ነግሮኛል፤ «ውሃ ውስጥ የተቀበረ ቅርስ ጎብኚው እንዴት አድርጎ ያየዋል?» አለ። ይኸን ስሰማ ራሴን ያዝኩ። ፈይሳ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቀምጣት ማንም አያያትም ነበር፣ ለዚያ ነው የቆየችው። ይኸን ለአንድ ለተማረ ሰው ማስረዳት ለምን እንዲህ እንደሚያደክም አላውቅም። የሆነው ሆኖ ስንጥቁን እንግዳ ሊያየው ነው ሲባል አፈሩ መሰለኝ፣ «እስክትጠገን ድረስ» ብለው ፈቀዱ። ቫርኒሹን ሌሊሳና ቶሎሳ ሁለት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ። ቶሎሳ ከእጁ ላይ ቆዳ ሲላጥ ማየት ትንሽ ደስ አሰኘኝ፤ አልደብቅም።

ግንቦት ላይ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር፣ አይሱዙ ላይ ጭነናት ወረድን። እኔ ጋቢና፣ ሌሊሳ አጠገቤ፣ ቶሎሳ ከላይ ታንኳዋን ይዞ። ዲጋን አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ፣ ያ የቆላ ማንጎና የጭቃ ሽታ መጣ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለቫርኒሹ ያላለቀስኩት እዚህ ወጣ። የሰፈሩ ጎረምሶች ተሸክመው ወንዙ ዳር አደረሷት። ድሮ በምናሰጥምበት ቦታ፣ ከሾላው ጥላ ሥር፣ ድንጋይ እያቀበልን ሞላናት። ውሃው መጀመሪያ በስንጥቁ በኩል ገባ፤ ሁላችንም ያንን ነው የምናየው። ከዚያ ዝቅ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ጠርዟ ብቻ ቀረ፣ ከዚያም ጠርዟ ሄደ። እንጨቷ ሲያብጥ ስንጥቁ ይገጥም ይሆናል፤ ላይገጥምም ይችላል። ያን የሚያውቀው ወንዙ ነው።

ሌሊሳ ለፎቶ ያወጣውን ስልክ ይዞ ቆመ። ውሃ ብቻ ነው የሚታየው። ስልኩን ኪሱ ውስጥ ከተተውና «መቼ ነው የምናወጣት?» አለኝ።

«ወንዙ ሲሞላ። በሐምሌ።»

«ከዚያስ አዴ?»

«ከዚያማ ትሻገራለቻ! ለምን መሰለህ የምትወጣው?»

ቶሎሳ የገመድ ድልድዩን በአገጩ አሳየኝ። «እማዬ፣ ማን ይሻገርባታል? ድልድዩ ያውልሽ።»

«ማን ይሻገርባታል አትበለኝ፤ ማን ይነዳታል በለኝ» አልኩት፤ ከአፌ ሲወጣ ነው ነገሩ የገባኝ። ስንት ወር ሙሉ ስለ እንጨት ነው የተጨቃጨቅነው። ቫርኒሽ፣ ስንጥቅ፣ ስቱኮ፣ ውሃ። ዘንጉን ማን ይዞ እንደሚቆም የጠየቀ የለም፣ እኔን ጨምሮ። የፈይሳ ጓደኞች አልቀዋል። አንዱ ብቻ ጊምቢ ልጁ ጋ አለ፤ እሱም ዓይኑ አያይም። ፈይሳ ወባ ሲጥለው ክረምት ክረምት ሰው ያሻገርኩት እኔ ነበርኩ። ሰው ሴት አሻጋሪ ብሎ እንዳይስቅ ካፖርቱን ለብሼ ነበር የምቆም። አሁን ግን ጉልበቴ ደረጃ እንኳ አልወጣ እያለኝ ነው። ታንኳዋ ብትድን ባትድን ምን ዋጋ አለው? እጅግ አድርጎ አበሸቀኝ። ሁለቱንም በያዝኩት ዱላ ብላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

«እኔ ልማር አዴ» አለ ሌሊሳ ቀስ ብሎ። «ያስተምሩኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየሁት። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ እጁ ላይ የብርጭቆ ወረቀቱ ቁስል።

«ዋና ትችላለህ?»

«አልችልም።»

ወደ ቶሎሳ ዞርኩ። የፈይሳ ልጅ፣ የዴዴሳ አሻጋሪ ልጅ። አንገቱን ደፋ።

«እንግዲያው» አልኳቸው፣ «ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቁ።»